የዘጌ ባሕረ ገብና ገዳማቱ፦ ለጎብኚዎችና ለምዕመናን የተዘጋጀ መረጃ

ዘጌ በጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ወደ ውኃው ዘልቆ የገባ፣ በደንና በቡና የተሸፈነ ባሕረ ገብ መሬት ነው። በውስጡ ለዘመናት የቆዩ ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት፣ በግድግዳ ሥዕል የተሞሉ ቤተ መቅደሶች፣ የብራና መጻሕፍትና የነገሥታት ስጦታዎች ይገኛሉ። አካባቢው ጥንታዊ ይዞታውን ጠብቆ ለዛሬ የደረሰው ነዋሪውና ገዳማቱ ባጸኑት ሥርዓት ነው። ወደ ዘጌ የሚሄድ ጎብኚም ይህን ሥርዓት አውቆ እንዲሄድ፣ መብቱንና ግዴታውንም እንዲረዳ ይህ መረጃ ተዘጋጅቷል።

በአጭሩ

• መነሻ ከተማ፦ ባሕር ዳር
• የጀልባ ጉዞ፦ እንደ ጀልባው ዓይነት ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ገደማ
• የተሻለ ወቅት፦ ከጥቅምት እስከ ግንቦት
• የተሻለ የመነሻ ሰዓት፦ ጠዋት 2፡00 ገደማ
• ይዞ መገኘት የሚገባ፦ መታወቂያ፣ ጥሬ ገንዘብ፣ ነጠላ ወይም ሰውነትን የሚሸፍን ልብስ፣ የመጠጥ ውኃ፣ ምቹ ጫማ

1. አካባቢው

ጣና በኢትዮጵያ ከሚገኙ ሐይቆች ሁሉ በስፋቱ ቀዳሚ ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። የቆዳ ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣውም ከባሕር ዳር አጠገብ ነው። ሐይቁ ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ 15 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ነፋስ በተነሣ ጊዜ ማዕበሉ ቶሎ ይበረታል። የጀልባ ጉዞ በጠዋት እንዲደረግ የሚመከረውም በዚህ ምክንያት ነው።

የጣና ሐይቅና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ተመዝግቧል። ዘጌም በዚሁ ክልል ውስጥ ይገኛል። ባሕረ ገቡ ኡራ እና ይጋንዳ በሚባሉ ሁለት ቀበሌዎች የተከፈለ ነው። በደኑ ውስጥ ብርብራ፣ ዋንዛ፣ ሰሳ እና ሌሎች አገር በቀል ዛፎች ከላይ ጥላ ሲሰጡ፣ ከሥራቸው ቡናና ጌሾ ይበቅላል። ጦጣዎችና ልዩ ልዩ አእዋፍም በእግረኛ መንገዱ ግራና ቀኝ ይታያሉ።

2. የማይታረስ መሬት

ዘጌን በጣና ዙሪያ ካሉ ሌሎች አካባቢዎች የሚለየው ዋናው ነገር በሬ ተጠምዶ የማይታረስበት፣ የቀንድ ከብትም የማይረባበት መሬት መሆኑ ነው። የአካባቢው ትውፊት ይህን ሥርዓት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ወደ ስፍራው እንደ መጡ ከሚነገርላቸው ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዘዋል። በትውፊቱ መሠረት ከጻድቁ በትር ስብርባሪ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀሉ። ነዋሪውም ሳያርስና ከብት ሳያረባ በእነዚህ አትክልቶች እንዲኖር ቃል ተሰጠው። የጻድቁ ስም ራሱ “የማርያም በትር” የሚል ትርጉም አለው።

ትውፊቱን በእምነት የሚቀበልም ሆነ እንደ ታሪክ የሚያዳምጥ ጎብኚ ውጤቱን በዓይኑ ያየዋል። ማረሻ ያልነካው አፈር ዛፉን ይዟል፤ ከብት ያልገባበት ደን ችግኙን አሳድጓል። በአንጻሩ ነዋሪው ጤፉንም ሆነ ሌላውን እህል ከገበያ ይሸምታል። ለዚህ የሚሆነውን ገንዘብ የሚያገኘው በዋናነት ከቡና፣ ከጌሾ፣ ከፍራፍሬና ከጎብኚዎች አገልግሎት ነው። እነዚህ የገቢ ምንጮች ሲዳከሙ የማገዶ እንጨት ቆርጦ መሸጥ ይበረታል። ስለዚህ በዘጌ ቡና መግዛት፣ በአካባቢው ሰው መመራትና የመግቢያ ክፍያን በአግባቡ መፈጸም ለደኑ ጥበቃ የሚደረግ ቀጥተኛ አስተዋጽኦ ነው።

3. ገዳማቱና አብያተ ክርስቲያናቱ

በዘጌ ከሚገኙት መካከል ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ በትረ ማርያም፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ፣ ይጋንዳ ተክለ ሃይማኖት፣ ፉሬ ማርያም እና ደብረ ሥላሴ ይጠቀሳሉ። አንድ ቀን ብቻ ያለው ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ የሚያያቸው ኡራ ኪዳነ ምሕረትን እና አዝዋ ማርያምን ነው።

አዝዋ ማርያም ለጀልባ ማረፊያው ቅርብ ስለሆነች ረጅም መንገድ መሄድ ለሚያስቸግራቸው ትመቻለች። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ለመድረስ ግን በቡናው መካከል በሚያልፈው፣ አልፎ አልፎ ድንጋያማና ዳገታማ በሆነው መንገድ ወደ 20 ደቂቃ ያህል በእግር መጓዝ ያስፈልጋል። በመንገዱ ዳርና ዳር የአካባቢው ነዋሪዎች የእጅ ሥራዎችን፣ ከደንገል የተሠሩ ትናንሽ ታንኳዎችንና ቡና ይሸጣሉ።

አብያተ ክርስቲያናቱ ክብ ቅርጽ ያላቸው ሲሆኑ ውስጣቸው በሦስት የተከፈለ ነው። የውጪው ዙሪያ ሊቃውንቱና መዘምራኑ የሚቆሙበት ቅኔ ማኅሌት ነው። ቀጥሎ ምዕመናን ሥጋ ወደሙ የሚቀበሉበት ቅድስት ይገኛል። በመካከል ታቦቱ የሚያርፍበትና ከካህናት በቀር ማንም የማይገባበት መቅደስ አለ። ሥዕሎቹ በብዛት የሚገኙት በዚህ በመካከለኛው ክፍል ውጫዊ ግድግዳና በሮቹ ላይ ነው። በኡራ ኪዳነ ምሕረት ዘውዶች፣ አልባሳት፣ መስቀሎችና የብራና መጻሕፍት የሚታዩበት ቤተ መዘክርም አለ።

4. ሥዕሎቹን ለመረዳት

የዘጌ የግድግዳ ሥዕሎች አብዛኞቹ ከ18ኛው እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባለው ጊዜ የተሠሩ ናቸው። ሥዕሉ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሠርቶ ጨርቁ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል። በዚህ የተነሣ ከጣሪያ የሚያንጠባጥብ ውኃ፣ እርጥበትና ምስጥ ይጎዱታል፤ ጨርቁ ከግድግዳው ከተላቀቀ ደግሞ ሥዕሉ እየተቀደደ ይሄዳል። የሰው እጅ በተደጋጋሚ የሚነካው ቦታም ቀለሙ ይለቃል።

ሥዕሎቹ ለማስጌጥ ብቻ የተሠሩ አይደሉም። ማንበብ ለማይችለው ምዕመን መጽሐፍ ሆነው አገልግለዋል፤ ዛሬም ያገለግላሉ። የሚከተሉትን ነጥቦች ቀድሞ ማወቅ ጉብኝቱን ይበልጥ ያዳብረዋል።

• ቅዱሳንና ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ፣ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ። አሳዳጆች፣ ከሐድያንና አጋንንት ግን በአብዛኛው በጎን፣ በአንድ ዓይን ይታያሉ።
• በአንበሶችና በነብሮች መካከል የቆሙት፣ ሰውነታቸው በጸጉር የተሸፈነው አባት አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ናቸው።
• በአንድ እግራቸው ቆመው የሚጸልዩት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው።
• በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን የሚወጋው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው።
• በኡራ ኪዳነ ምሕረት ከሚታዩት ታሪኮች አንዱ የበላዔ ሰብእ ነው። ይህ ሰው 78 ነፍሳትን በልቶ ሳለ፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ድኩም የሰጠው ጥርኝ ውኃ በፍርድ ሚዛን ላይ እንደ ዳነበት ይተረካል። ታሪኩ ከኪዳነ ምሕረት በዓል ጋር የተያያዘ በመሆኑ በዚህች ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ መገኘቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

5. እንዴት ይደረሳል?

ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ትገኛለች። በአውሮፕላን 1 ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። ተጓዦች ጉዞ ከመጀመራቸው በፊት ስለ መንገዱና ስለ አካባቢው ወቅታዊ ሁኔታ የሚመለከታቸውን የመንግሥት አካላት ወይም የአገልግሎት ሰጪውን ድርጅት መጠየቅ ይኖርባቸዋል።

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚወስዱ ሁለት አማራጮች አሉ።

በጀልባ፦ አብዛኞቹ ጎብኚዎች የሚመርጡት ይህን ነው። በማኅበር የተደራጁ ባለ ጀልባዎች ከከተማዋ የሐይቅ ዳርቻ ይነሣሉ። ጀልባው በሙሉ የሚከራይ በመሆኑ በቡድን መሄድ ወጪውን ይቀንሳል። ከመሳፈር በፊት ዋጋው ለሙሉ ጉዞው ይሁን ለአንድ መንገድ፣ ጀልባው በየገዳሙ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ የአስጎብኚ ክፍያ ይጨመር እንደሆነና የትኞቹ ገዳማት እንደሚጎበኙ በግልጽ መስማማት ያስፈልጋል። የገዳማት መግቢያ ከጀልባው ኪራይ ተለይቶ በየቦታው የሚከፈል ነው።

በየብስ፦ የሐይቁን ዳርቻ ዞሮ ወደ ዘጌ የሚገባ መንገድ አለ። የተወሰነው ክፍል ጥርጊያ መንገድ በመሆኑ በክረምት ከመነሣት በፊት ሁኔታውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

6. መቼ መሄድ ይመረጣል?

ዝናቡ የሚበረታው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በዚህ ወቅት መንገዱ ይጨቀያል፤ የእግር ጉዞውም ያዳልጣል። ከጥቅምት ጀምሮ ያለው ጊዜ ለጀልባም ለእግርም ይመቻል።

በየዕለቱም ቢሆን ጠዋት መነሣት ይመረጣል። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሊነሣ ስለሚችል የመልስ ጉዞን አለማዘግየት ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ቅዳሴ በሚካሄድበት ሰዓት የደረሰ ጎብኚ ሥርዓቱ እስኪፈጸም በትዕግሥት መጠበቅ አለበት። በአጽዋማት ወቅት ቅዳሴ ከቀትር በኋላ የሚሆንባቸው ቀናት ስላሉ አስጎብኚውን ቀድሞ መጠየቅ ይጠቅማል።

በዓል ለማክበር የሚሄዱ ምዕመናን ወርኃዊና ዓመታዊ በዓላቱን በሚከተለው መሠረት ሊያቅዱ ይችላሉ።

• ሥላሴ፦ ወር በገባ በ7፤ በዓመት ጥር 7 እና ሐምሌ 7
• ኪዳነ ምሕረት፦ ወር በገባ በ16፤ በዓመት የካቲት 16
• ማርያም፦ ወር በገባ በ21
• ቅዱስ ጊዮርጊስ፦ ወር በገባ በ23፤ በዓመት ሚያዝያ 23
• አቡነ ተክለ ሃይማኖት፦ ወር በገባ በ24፤ በዓመት ነሐሴ 24

በዓመታዊ በዓላት ቀን ሕዝቡ ስለሚበዛ ጀልባን ቀድሞ መያዝ ተገቢ ነው። ሥዕሎቹን በእርጋታ ለማየት የሚፈልግ ግን ከበዓል ውጪ ያሉትን ቀናት ቢመርጥ ይሻለዋል።

7. በገዳማቱ ውስጥ የሚጠበቅ ሥርዓት

ገዳማቱ ከቤተ መዘክርነት በፊት የጸሎት ቦታ ናቸው። ስለሆነም ማንኛውም ጎብኚ፣ የእምነቱ ተከታይ ቢሆንም ባይሆንም፣ የሚከተሉትን እንዲያከብር ይጠበቃል።

• ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ከመግባት በፊት ጫማ ማውለቅ፤
• ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን ልብስ መልበስ፤ ሴቶች ጸጉራቸውን በነጠላ ወይም በሻሽ መሸፈን፤
• ለወንዶችና ለሴቶች በተለየው በር መግባት፤
• መጋረጃን አለመግለጥ፣ ወደ መቅደሱ አለመቅረብ፤
• ሥዕሎችን፣ ከበሮዎችን፣ መቋሚያዎችንና መጻሕፍትን ያለ ፈቃድ አለመንካት፤
• ፎቶግራፍ ለማንሣት አስቀድሞ ማስፈቀድ፤ ብልጭታ ያለውን መብራት አለመጠቀም፤
• መነኮሳትን፣ የአብነት ተማሪዎችንና ነዋሪዎችን ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ አለማንሣት፤
• በግቢው ውስጥ አለማጨስ፣ መጠጥ አለመያዝ፣ ድምፅን ዝቅ ማድረግ።

ስለ ሴቶች መግባት፦ በኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ በአዝዋ ማርያምና በበትረ ማርያም ሴቶች ገብተው መጎብኘት ይችላሉ። በሐይቁ ደሴቶች ላይ ካሉት ገዳማት መካከል ግን ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ጣና ቂርቆስ ሴቶች የማይገቡባቸው የወንዶች ገዳማት ናቸው። እንጦስ ኢየሱስ ደግሞ የሴቶች ገዳም ነው። በአንድ የጀልባ ጉዞ ዘጌንና ደሴቶቹን አጣምረው ለመጎብኘት የሚያስቡ ቤተሰቦች ይህን ከግምት አስገብተው ቢያቅዱ በጀልባ ማረፊያ ላይ ቅሬታ አይፈጠርም።

8. ክፍያ፣ ደረሰኝና አስጎብኚ

የመግቢያ ክፍያ በየገዳሙ ይፈጸማል። ክፍያው ለኢትዮጵያውያንና ለውጭ አገር ዜጎች ሊለያይ ስለሚችል መታወቂያ መያዝ ያስፈልጋል። ለቪዲዮ ካሜራ ተጨማሪ ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል። ጎብኚው ለከፈለው ገንዘብ ደረሰኝ የመጠየቅ መብት አለው። ደረሰኝ ጎብኚው ያላግባብ እንዳይጠየቅ ይረዳዋል፤ ገዳሙም የሚገባውን ገቢ እንዳያጣ ያደርጋል።

አስጎብኚ ሲመረጥ ፈቃድና የመታወቂያ ባጅ ያለው መሆኑን ማረጋገጥ ተገቢ ነው። የአካባቢው አስጎብኚዎች መንገዱን፣ የሥዕሎቹን ታሪክና የየገዳሙን ደንብ ያውቃሉ። ሳይጠሩ እየተከተሉ ክፍያ የሚጠይቁ ሰዎች ቢያጋጥሙ በትሕትና ማሰናበት፣ ካልሆነም ለገዳሙ አስተዳደር ወይም ለጀልባው ማኅበር ማሳወቅ ይቻላል። ለሕፃናት ገንዘብ መስጠት ከትምህርት ገበታቸው እንዲርቁ ስለሚገፋፋ አይመከርም። መርዳት የሚፈልግ በትምህርት ቤቱ ወይም በገዳሙ አስተዳደር በኩል ቢሰጥ ይመረጣል።

9. ቅርስን የሚመለከት ሕግ

በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው። ቅርስን መስረቅና ማበላሸትም በወንጀል ያስጠይቃል። በጉዞ ላይ “ጥንታዊ ነው” ተብሎ የብራና መጽሐፍ፣ መስቀል ወይም ሥዕል ለሽያጭ ቢቀርብ መግዛት አይገባም። ዕቃው እውነተኛ ከሆነ ገዢው በሕገ ወጥ ድርጊት ይሳተፋል፤ አስመስሎ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ተታሏል። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ለገዳሙ አስተዳደር፣ በአቅራቢያው ላለ ፖሊስ ወይም ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ይጠበቃል።

ከውጭ አገር የሚመጡ ትውልደ ኢትዮጵያውያንና እንግዶቻቸው አዲስ የተሠሩ የእጅ ሥራዎችን ሲገዙ ደረሰኝ ቢይዙ በአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ላይ መጉላላት ይቀንስላቸዋል።

10. ጤናና ደኅንነት

• ከጀልባው መነሣት በፊት ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ፣ ለሕፃናትም ጭምር፣ የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩ መረጋገጥ አለበት። ጃኬት ከሌለው ወይም ከአቅሙ በላይ ከጫነ ጀልባ አለመሳፈር የተሳፋሪው መብት ነው።
• በጣና ዙሪያ የቢልሃርዚያ በሽታ ስለሚገኝ በዳርቻው ውኃ መዋኘትም ሆነ መታጠብ አይመከርም።
• አካባቢው ወባ ያለበት በመሆኑ በተለይ ለሚያድሩ ሰዎች አጎበር መጠቀም ያስፈልጋል።
• ዕድሜያቸው ለገፋና የአካል ጉዳት ላለባቸው ጎብኚዎች መንገዱ አስቸጋሪ ሊሆን ስለሚችል የሚደግፍ ሰው አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ ወይም ለማረፊያው ቅርብ የሆነውን ገዳም መምረጥ ይመከራል።
• ጦጣዎችን መመገብ ጠባያቸውን ስለሚያበላሽ አይገባም።

11. ሐይቁንና ደኑን መጠበቅ

እንቦጭ የሚባለው መጤ አረም በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ በተለይ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፍቶ ለዓሣ አስጋሪውና ለአርሶ አደሩ ፈተና ሆኗል። አረሙ በውኃ ላይ እየተንሳፈፈ ከቦታ ወደ ቦታ ስለሚዛመት አበባው ቢያምርም ነቅሎ ወደ ሌላ ስፍራ መውሰድ ፈጽሞ አይገባም። በፕላስቲክ የተያዘ ማንኛውም ነገር ተሰብስቦ ወደ ባሕር ዳር መመለስ አለበት። በባሕረ ገቡ ላይ እሳት ማንደድ፣ ቅርንጫፍ መቁረጥና ከእግረኛው መንገድ ወጥቶ በቡና ማሳ ውስጥ መመላለስ የተከለከለ ነው ብሎ መቁጠር ይገባል። ማሳው የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ መግዣ ነውና።

12. ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ጉብኝቱ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?
ሁለት ገዳማትን ጎብኝቶ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይበቃል። ሦስትና ከዚያ በላይ ለመጎብኘት ሙሉ ቀን መመደብ ያስፈልጋል።

ያለ አስጎብኚ መሄድ ይቻላል?
ለጸሎት የሚሄድ ምዕመን አስጎብኚ አያስፈልገውም። ሥዕሎቹንና ቅርሶቹን ለመረዳት ግን የአካባቢውን አስጎብኚ መያዝ ይጠቅማል።

የሌላ እምነት ተከታዮች መግባት ይችላሉ?
የገዳሙን ሥርዓት እስካከበሩ ድረስ ለጎብኚዎች ክፍት በሆኑት ገዳማት መግባት ይችላሉ።

ለጥናት ወይም ለፊልም ሥራ መሄድ የሚፈልግ ምን ማድረግ አለበት?
ከመሄዱ በፊት ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፣ ከክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ እና ከቤተ ክርስቲያኒቱ አስተዳደር ስለሚያስፈልገው ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል።

13. ቅሬታና ጥቆማ

በጀልባ ኪራይ፣ በአስጎብኚ አገልግሎት ወይም በክፍያ ላይ ቅሬታ ያለው ጎብኚ በመጀመሪያ ለማኅበሩ ኃላፊ ወይም ለገዳሙ አስተዳዳሪ ያቅርብ። ምላሽ ካላገኘ በባሕር ዳር ለሚገኘው የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል። ቅሬታው የተፈጸመበትን ቀን፣ የጀልባውን መለያ ወይም የአስጎብኚውን ባጅ ቁጥር፣ የተከፈለውን ገንዘብ መጠንና ደረሰኙን አያይዞ ማቅረብ ውሳኔውን ያፋጥናል። በሥዕሎች፣ በሕንፃዎች ወይም በደኑ ላይ ጉዳት ያየ ጎብኚም ያየውን በዚሁ መንገድ እንዲጠቁም ይበረታታል። ጉዳቱ በጊዜ ከታወቀ ጥገናው ይቀላል፤ ከግድግዳው ተላቆ የጠፋ ሥዕል ግን የሚተካ አይደለም።